መጀመሪያ አሥር ደቂቃ

ድስቱ የሰርጋችን ስጦታ ነው፣ ከቨርሊን አክስት፤
ሆዱ ቡናማ ሸክላ፣ ቀሚሱ ቆርቆሮ፣ ብርቱካንማ አበባ የተሳለበት።
አርባ አንድ ክረምት የአጋዘን ሥጋ ሲያንተከትክ ኖሮ
ዘንድሮ ባሕታዊ ሆነ፣ በሐኪም ቃል ተመክሮ።

የቨርሊን ልብ በጥቅምት ቆም ብላ ነበር፣ ለአፍታ፣
ጀልባችንን ከሐይቁ እየጎተተ፣ በአንድ እሑድ ማታ።
«ሥጋ በቃህ» አሉት። እሱም ምንም አላለ።
ቨርሊን መቼም ምን ይላል? ዝም አለ።
እኔም ዝም አልኩ። የዱሉዝ ሰዎች ነን፤ እንደ ሐይቃችን
ከላይ በረዶ እንጋግራለን፤ የሥሩን ዓሣ ይወቀው፣ ምን አገባን።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ካሮት እቆርጣለሁ፣
ምስር ካልሆነ ገብስ፣ ገብስ ካልሆነ ድንች እጨምራለሁ፣
ቲማቲም ከቆርቆሮው፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ቅጠል፤
ቁልፉን ወደ ዝቅተኛው። ከዚያ መንገድ፣ በረዶው ሲጥል።

ቢጫውን አውቶቡስ ሳሞቅ እጄ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።
ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ብሪታ፣ ሁለት ጥርሷ ወልቋል፣
«ማርሊስ፣ ዛሬስ ምን ጣድሽ?» ስትል ጠረኔ ይነግራታል።

ቤት ውስጥ ድስቱ የኔን ፈረቃ ይሠራል፤ ስምንት ሰዓት፣
ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጡረታ፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ጩኸት።
ይህን ነበር የወደድኩለት።
ትዳራችንንም በዚሁ ነበር የለካሁት፦
ለስላሳ እሳት፣ የገጠመ ክዳን፣ ረጅም ሰዓት።

*

ከዚያ የቀይ ቦሎቄው ሌሊት መጣ።
በላን፣ አመሰገንን። እኩለ ሌሊት ላይ ሆዳችን ተቆጣ፤
አንድ ባልዲ፣ ሁለት ሰው፣ ተራ በተራ፤ ነፍስ ልትወጣ።
ቨርሊን ግንባሩን መታጠቢያ ገንዳው ላይ አስደግፎ
«አጋዘን እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» አለ፣ በግማሽ ትንፋሽ፣ አኩርፎ።

ጠዋት ለነርሷ ደወልኩ፤ ሶልቬግ ትባላለች፣ አፏ ማር የለውም፦
«ጥሬውን ነው የጨመርሽው? ቀይ ቦሎቄ በሆዱ መርዝ አለው፤ ለብ ያለ እሳት አይገድለውም።
እንዲያውም ያብሰዋል።
መጀመሪያ በኃይል አፍዪው፣ አሥር ደቂቃ፣ ድስት እያናወጠ፤
ዝግታ የሚያምረው ከዚያ ወዲያ ነው፣ መርዙ ካመለጠ።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤቱ መሀል ቆምኩ፤
ስንቱን ጥሬ፣ ስንት ክረምት፣ ለብ እያደረግኩ
ክዳን እንደ ጫንኩበት አሰብኩ።

*

ቅዳሜ ቦሎቄውን በትልቁ ብረት ድስት፣ ጋዙ ላይ ጣድኩ፤
ሰዓቱን ሞላሁ፣ አሥር ደቂቃ። ውኃው ሲገነፍል እኔም ገነፈልኩ።

«ጀልባዋን ሸጥኳት» አልኩት፣ «ሆስፒታል ሳለህ፣ ለኒስካነን።»
«በስንት?» ነገርኩት። ወንበሩ ተገለበጠ። ድምፁ አንቀጠቀጠ ጣሪያችንን።
«አንተስ? ደረትህን ዓመት ሙሉ ሲወጋህ ኖሮ ለሐኪሙ ነገርክ፤
እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሰማሁ፣ እንደ ባዳ! ከኔ ለምን ደበቅክ?»
«እንዳትፈሪ ብዬ!» «እኔስ እንዳታዝን ብዬ!» አረፋው ገነፈለ፣
ምድጃው ቸስስ አለ፤ ማንም «እሳት ቀንስ» አላለ።

ሰዓቱ ጮኸ።
እንደ ተያዙ ሌቦች ዞር ብለን አየነው።
ቨርሊን ወንበሩን አነሳ። እኔ ወንፊቱን።
ውኃው ደፍርሶ ቀልቶ ነበር፤ አብረን ደፋነው።

ቦሎቄውን ወደ አሮጌው ድስት እሱ ገለበጠ፤
ካሮቱንም ራሱ፣ ወፍራም ወፍራሙን፣ እንደ ማገዶ ቆረጠ።
እንዲህ አይቆረጥም ልል ነበር። ተውኩት።
ይህኛው ዝምታ ሌላ ነው፣ መርዝ የለበት።
ክዳኑን ደፋን። ድስት ግጣሙን አያጣም፤
ትንሽ ያንገጫግጫል እንጂ፣ አርባ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ማታ ቀመሰ። ማንኪያውን አስቀመጠ።
«ጨው ያንሰዋል» አለ።
«ድሮስ?»
«ድሮም።»

ሎሚ ቆረጥኩለት። ጨው ለልቡ አይሆንም።